ጫማውን ሰቅሎ የተመለሰው በረኛ፦ የሼዝኒ ጉዞ ስለ ግብ ጠባቂነት ሙያ ምን ያሳያል?

ፖላንዳዊው ግብ ጠባቂ ቮይቼክ ሼዝኒ ኦገስት 27 ቀን 2024 ከእግር ኳስ መሰናበቱን ሲያስታውቅ 34 ዓመቱ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አምስት ሳምንት አለፈና ኦክቶበር 2 ላይ ለባርሴሎና ፈረመ። በዚያው የውድድር ዘመን ባርሴሎና ላሊጋውን፣ ኮፓ ዴል ሬይንና የስፔን ሱፐር ካፕን ሲወስድ ከጃንዋሪ ጀምሮ በአብዛኛው ግቡ ላይ የቆመው እሱ ነው። ጁላይ 2025 ደግሞ እስከ 2027 የሚያቆየውን ውል ተቀበለ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በኳስ አፍቃሪው መካከል የሚነሡት ጥያቄዎች ተደበላለቁ። ጡረታ የወጣ ተጫዋች እንዴት ተመልሶ ይፈርማል? ክለቦች ተጫዋች የሚያዛውሩበት ጊዜ፣ የዝውውር መስኮቱ፣ በኦክቶበር ተዘግቶ አልነበረም ወይ? ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ በቡድኑ ውስጥ የነበረው ሌላው በረኛ ኢኛኪ ፔኛ ምን አጥፍቶ ቦታውን ተነጠቀ? 25 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ የወጣበት ወጣት ግብ ጠባቂ ጆአን ጋርሲያ ከመጣ በኋላስ ለ35 ዓመት ሰው የሁለት ዓመት ውል መስጠት ምን ይባላል? አንዳንዱ «ዕድል ነው» ብሎ ያልፈዋል። ዕድል አለበት፤ ነገር ግን ዕድሉ የሚሠራበት መንገድ አለው። መንገዱ የሚገባው የግብ ጠባቂ ሙያ ከሌላው ተጫዋች ሙያ በምን እንደሚለይ ሲታይ ነው።

«ጡረታ» የሚለው ቃል ያመጣው ጣጣ

በእኛ አነጋገር ጡረታ ዕድሜ፣ ደብዳቤና አበል ያለው ሕጋዊ ነገር ነው። ጡረታ የወጣ ሰው ወጥቷል። በእግር ኳስ ግን «ጡረታ ወጣሁ» የሚለው መግለጫ ለብቻው ምንም ዓይነት ሕጋዊ ውጤት የለውም። የሚጸናው ውል ነው፤ ውሉ ካለቀ ወይም በስምምነት ከፈረሰ ተጫዋቹ ነፃ ነው፣ ነገም ሊፈርም ይችላል። የስፖርት ጋዜጠኞች የሚሉት «ጫማውን ሰቀለ» ለነገሩ የተሻለ ይስማማል፤ የተሰቀለ ጫማ ይወርዳል።

የሼዝኒ ጉዳይ የተፈታው በቀኖች ነው። ጁቬንቱስ ሚኬሌ ዲ ግሬጎሪዮን ከሞንዛ ካመጣ በኋላ፣ አንድ ዓመት ቀርቶት የነበረውን የሼዝኒን ውል ኦገስት 14 ላይ በስምምነት አፈረሰ። የስፔን የዝውውር መስኮት የተዘጋው ኦገስት 30 ነው። የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን የፊፋ ደንብ ደግሞ፣ መስኮቱ ከመዘጋቱ በፊት ውሉ ያለቀ ባለሙያ ተጫዋች ከመስኮቱ ውጪም እንዲመዘገብ ይፈቅዳል። ስለዚህ ሴፕቴምበር 22 ላይ የባርሴሎናው አምበል ማርክ አንድሬ ቴር ስቴገን በቪላሪያል ሜዳ የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ሲወድቅ፣ ክለቡ የሌላ ክለብ ንብረት የሆነን በረኛ መግዛት አይችልም ነበር። ነፃ ሰው መፈለግ ነበረበት። በዚያ ሳምንት በአውሮፓ ውስጥ በነፃ ከሚገኙት ግብ ጠባቂዎች መካከል በዚህ ደረጃ የሠራ ከሼዝኒ ሌላ የነበረ አይመስልም።

ሁለተኛው ቁልፍ ገንዘብ ነው። ላሊጋው እያንዳንዱ ክለብ ለተጫዋቾች የሚያወጣውን ደመወዝ በጣሪያ ይገድባል፤ በዕዳ የተጎዳው ባርሴሎና ደግሞ ከጣሪያው ጋር ሲታገል ዓመታት ቆጥሯል። ረዥም ጊዜ የሚያስቀር ጉዳት የደረሰበት ተጫዋች ሲኖር ግን ከእሱ ደመወዝ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ለምትክ ማዋል ይቻላል። የቴር ስቴገን ጉልበት ቦታውን ብቻ ሳይሆን በጀቱንም ከፈተ ማለት ነው። የዚህ ደንብ ክብደት በ2025 ክረምትም ታይቷል፤ የዚያን ጊዜ ቴር ስቴገን በወገቡ ሕመም ስንት ወር እንደሚቀር የሚገልጸው የሕክምና ሰነድ በክለቡና በተጫዋቹ መካከል እስከ አምበልነት መነጠቅ የደረሰ ጠብ አስነሥቶ ነበር። አንድ የሐኪም ወረቀት ሌላ በረኛ ይመዘገባል ወይስ አይመዘገብም የሚለውን የሚወስንበት ሥርዓት ነው።

ወንበሩ አንድ ነው

አጥቂ ቦታ ቢያጣ ወደ ክንፍ ይወጣል፣ በ70ኛው ደቂቃ ይገባል፣ ሁለት አጥቂ በሚያሰልፍ አሰልጣኝ ዘንድ ዕድል ያገኛል። በረኛ ይህ ሁሉ የለውም። ወንበሩ አንድ ነው፣ የተቀመጠበትም ሰው ካልታመመ፣ ካልተቀጣ ወይም ካልተሸጠ አይነሣም። ስለዚህ የግብ ጠባቂ ሕይወት የሚለወጠው በዝግታ በሚያድግ ችሎታ ሳይሆን በድንገት በሚከፈት ክፍተት ነው። ችሎታው የሚጠየቀው ክፍተቱ ሲከፈት ነው።

የሼዝኒን መንገድ በዚህ ዓይን ካዩት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ነው። ዋርሶ ውስጥ ኤፕሪል 1990 ተወለደ፤ አባቱ ማቼይ ሼዝኒም በረኛ ነበር፣ የፖላንድን ሊግ ከአራት የተለያዩ ክለቦች ጋር ያሸነፈ። ልጁ በሌጊያ ዋርሶ አደገ። እዚያ ክሪሽቶፍ ዶቭሃን የሚባል የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኝ ነበር፤ አርቱር ቦሩች፣ ሉካሽ ፋቢያንስኪና ሼዝኒ በእጁ አልፈዋል። ፖላንድ በረኛ የምታበዛበት ምክንያት ሲጠየቅ የደም ወይም የቁመት ነገር የሚያነሡ አሉ። እኔ የዶቭሃንን ስም አስቀድማለሁ፤ ሦስት ብሔራዊ በረኛ ከአንድ የልምምድ ሜዳ ሲወጣ ምክንያቱን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዚያ በፊት በ1973 ዌምብሌይ ላይ እንግሊዝን 1 ለ 1 ያስቆመው ያን ቶማሼቭስኪ፣ በ1987 ከፖርቶ ጋር የአውሮፓን ዋንጫ ያነሣው ዩዜፍ ምዊናርቺክ፣ በ2005 በኢስታንቡል ለሊቨርፑል የቆመው የርዚ ዱዴክ ነበሩ። ሕፃኑ ማንን እንደሚመስል አርአያ አላጣም።

በ2006 ወደ አርሰናል ሄደ። በ2008 በጂም ውስጥ ክብደት ሲያነሣ ብረቱ ወድቆበት ሁለቱም ክንዶቹ ተሰበሩ፤ ለበረኛ ከዚህ የከፋ ጉዳት ለማሰብ ይቸግራል። ከዚያ በሦስተኛው እርከን በሚጫወተው ብሬንትፎርድ በውሰት ቆይቶ፣ ዲሴምበር 2010 በ20 ዓመቱ በኦልድ ትራፎርድ ከማንችስተር ዩናይትድ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሪሚየር ሊግ ተሰለፈ። ለምን እሱ? ከፊቱ የነበሩት አልሙኒያና ፋቢያንስኪ ስላልቻሉ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ፋቢያንስኪ ትከሻው ሲጎዳ ወንበሩ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። በ2011/12 ሰላሳ ስምንቱንም የሊግ ጨዋታ ተጫወተ፤ በ2013/14 በ16 ጨዋታ መረቡን ሳያስደፍር በብዙ ጨዋታ ግብ ላልተቆጠረበት በረኛ የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት ከቼልሲው ፒተር ቼክ ጋር ተጋራ። የዚያን ዘመን የአርሰናል ደጋፊዎች ግን ከጓንቱ ይልቅ የሚያስታውሱት ፌብሩዋሪ 2011 ነው፦ በሊግ ካፕ ፍጻሜ ከተከላካዩ ከኮሽየልኒ ጋር ሳይግባቡ የቀሩባትንና ኦባፌሚ ማርቲንስ ለበርሚንግሃም ያገባትን ኳስ።

ወንበሩ የሚወሰድበትም መንገድ ከሚሰጥበት አይለይም። በጃንዋሪ 1 ቀን 2015 አርሰናል በሳውዝሃምፕተን 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ ሼዝኒ ከጨዋታው በኋላ በመታጠቢያ ቤት ሲጋራ ሲያጨስ ተገኝቶ ተቀጣ፣ ዳቪድ ኦስፒና ገባ። በዚያው ክረምት አርሰናል ቼክን ገዛ። ጓንቱን የተጋራው ሰው ወንበሩን ወሰደው፣ እሱም በውሰት ወደ ሮማ ሄደ።

ሮማ ላይ የሆነው ለነገሩ ምስክር ይሆናል። በ2016 ክረምት ክለቡ ከብራዚል አሊሰን ቤከርን አመጣ። በ2016/17 ግን በጣሊያን ሊግ በሴሪ አ ቋሚው ሼዝኒ ነበር፣ በ14 ጨዋታም ግብ አልተቆጠረበትም፤ አሊሰን ለዋንጫና ለአውሮፓ ጨዋታዎች ይጠብቅ ነበር። ሼዝኒ በ2017 ወደ ጁቬንቱስ ሲሄድ አሊሰን ገባ፣ በዓመቱም ሊቨርፑል በወቅቱ ለበረኛ ተከፍሎ በማያውቅ ዋጋ ወሰደው። አሊሰን በአንድ ክረምት ሌላ ሰው አልሆነም። ከፊቱ የነበረው ሰው ነው የተነሣው።

በጁቬንቱስ ደግሞ ሼዝኒ ራሱ ተጠባባቂ ሆነ፤ የመጀመሪያውን ዓመት ከጂያንሉዊጂ ቡፎን ኋላ አሳለፈ። ቡፎን በ2018 ሲሄድ አንድ ቁጥርን ወረሰ። በጁቬንቱስ በጠቅላላው 252 ጨዋታ ተጫወተ፣ ሦስት የሴሪ አ ዋንጫ አነሣ። ቡፎን በ2019 ተመልሶ ሲመጣ ተጠባባቂው ቡፎን ነበር።

ሁለት ቀይ ካርድ፣ ሁለት ሕግ

የሼዝኒ ተቺዎች ደጋግመው የሚያነሡት ከግቡ የመውጣት ድፍረቱን ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆኑ ሁለት ቀይ ካርዶች አሉ፣ በመካከላቸውም ሕጉ ተለውጧል።

የመጀመሪያው በዩሮ 2012 መክፈቻ ላይ ነው። ፖላንድ በገዛ ሜዳዋ፣ በተወለደበት ከተማ ዋርሶ ከግሪክ ጋር ስትጫወት፣ ሼዝኒ በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ሳልፒንጊዲስን ጣለ። ቀይ ካርድ፣ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ከዚያም የጨዋታ እገዳ። ተቀይሮ የገባው ፕሼሚስዋቭ ቲቶን የካራጉኒስን ምት አዳነ፤ ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ፣ ሼዝኒም በውድድሩ ወደ ግቡ አልተመለሰም። ይህ «የሦስት ጊዜ ቅጣት» እየተባለ ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ በ2016 ተሻሻለ። ከዚያ ወዲህ በክልሉ ውስጥ ኳሷን ለማግኘት ከልቡ የሞከረ ተጫዋች ግልጽ የግብ ዕድል ቢያጨናግፍም የሚያየው ቢጫ ነው፤ ፍጹም ቅጣት ምቱ ዕድሉን ይተካል ተብሎ ስለሚታሰብ። የዋርሶው ጥፋት ዛሬ ቢፈጸም ሼዝኒ በቢጫ ሜዳ ላይ የመቆየት ዕድሉ ሰፊ ነበር።

ሁለተኛው ጃንዋሪ 12 ቀን 2025 በሱፐር ካፕ ፍጻሜ የሆነ ነው። ባርሴሎና ሪያል ማድሪድን 5 ለ 1 እየመራ ኪሊያን ምባፔ ብቻውን አመለጠ፤ ሼዝኒ ከክልሉ ወጥቶ ጣለው። ከክልሉ ውጪ የተሻሻለው ሕግ አይሠራም፣ ቀይ ካርዱ እንዳለ ነው። ፔኛ ገባ፤ ሮድሪጎ ከዚያችው ቅጣት ምት አገባ፣ ጨዋታው 5 ለ 2 ተጠናቀቀ።

እዚህ ላይ የሰውየውን ስሕተት ከአሠራሩ መለየት ያሻል። የአሰልጣኝ ሃንሲ ፍሊክ ባርሴሎና ተከላካዮቹን እስከ መሀል ሜዳ ድረስ ያስጠጋል። አሠራሩ ሲሰምር ውጤቱ ኦክቶበር 2024 በሪያል ማድሪድ ሜዳ በበርናቤው እንደታየው ነው፦ 4 ለ 0፣ ሪያል ማድሪድም 12 ጊዜ ከጨዋታ ውጪ ተይዟል። ሳይሰምር ሲቀር ግን በተከላካዩና በበረኛው መካከል ያለው 40 ሜትር የሚጠበቀው በአንድ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ በረኛ «ስዊፐር ኪፐር» ይባላል፤ ከኋላ የተረፈውን ኳስ ጠርጎ የሚያወጣ ማለት ነው። ሼዝኒ በተፈጥሮው እንደዚያ ዓይነት አልነበረም። በጣሊያን ያሳለፋቸው ዘጠኝ ዓመታት መስመሩ ላይ ቆሞ ምት ማዳንን ነው ያጠነከሩለት።

ታዲያ ለምን ፔኛ አልሆነም?

ሁለት ክርክሮች አሉ፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው።

የመጀመሪያው ለፔኛ ያደላል። ልጁ የክለቡ አካዳሚ ውጤት ነው፤ ቴር ስቴገን ከተጎዳ ጀምሮ እስከ ዓመቱ መገባደጃ ቆሟል፣ በበርናቤው የ4 ለ 0ው ቀን ግቡ ላይ የነበረው እሱ ነው። ቦታውን ያጣበት መነሻ ጃንዋሪ 2025 ለስብሰባ ዘግይቶ መድረሱ እንደሆነ በስፋት ተዘግቧል፤ ፍሊክ በሰዓት ላይ ቀልድ አያውቅም። ደግሞም የሼዝኒ አጀማመር ፔኛን ማስቀመጥ የሚያስቆጭ ነበር። ከሱፐር ካፑ ቀይ ካርድ ዘጠኝ ቀን በኋላ በሊዝበን ከቤንፊካ ጋር ሲጫወት ከራሱ ተከላካይ ከባልዴ ጋር ተጋጭቶ አንድ ግብ ተቆጠረበት፣ በጥፋቱም ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። ባርሴሎና 5 ለ 4 ባያሸንፍ ኖሮ ውይይቱ ሁሉ በሌላ አቅጣጫ በሄደ ነበር።

ሁለተኛው ክርክር የሚጀምረው ከዚያች ሌሊት ነው። ፍሊክ ከቤንፊካ ጨዋታ በኋላም ሼዝኒን አልለወጠውም። ለበረኛ ከስሕተት ቀጥሎ በሚመጣው ጨዋታ መሰለፍ ምን ማለት እንደሆነ ከውጪ ላለ ሰው ብዙም አይታይም፤ ወንበሩ አንድ ስለሆነ፣ ከስሕተት በኋላ መቀየር ለወራት መቀየር ነው። ማርች 5 ቀን ባርሴሎና እዚያው ሊዝበን ተመለሰ። ተከላካዩ ኩባርሲ በ22ኛው ደቂቃ በቀይ ወጣ፣ ቡድኑ ለቀረው ጊዜ ሁሉ በ10 ሰው ቆየ፣ ሼዝኒ ስምንት ኳስ አዳነ፣ ራፊኛ አንድ አገባ፤ 1 ለ 0። ሼዝኒ በባርሴሎና ማሊያ የመጀመሪያውን ሽንፈት ያየው በኤፕሪል አጋማሽ በዶርትሙንድ ነው፤ ያም ቢሆን ቡድኑ አልፏል።

የእኔ ሚዛን ወደ ሁለተኛው ያደላል፤ ግን በአንድ ምክንያት ብቻ። ፔኛ ከሼዝኒ በእግሩ የተሻለ ሊሆን ይችላል። የአሠራሩ ጉድለት የሚከፈለው ግን አንድ ለአንድ በሚደረግ ፍጥጫ ነው፤ እዚያ ላይ የሼዝኒ ጥንካሬ ጎልቶ ይታያል። ጉድለቱን ሙሉ በሙሉ ሸፈነ ማለት አይደለም። በቻምፒየንስ ሊጉ ግማሽ ፍጻሜ ኢንተር በሁለት ጨዋታ ሰባት ግብ አግብቶ ባርሴሎናን አስወጥቷል፣ በሁለቱም የቆመው ሼዝኒ ነው።

ፍጹም ቅጣት ምትና ብሔራዊ ቡድን

በ84 የብሔራዊ ቡድን ጨዋታው ውስጥ የሼዝኒ ስም ከውድቀት ጋር ሲነሣ ኖሯል። በ2018 የዓለም ዋንጫ ከግቡ ወጥቶ ሴኔጋላዊው ኒያንግ ባዶ ግብ ውስጥ አስገባ፤ በዩሮ 2020 ከስሎቫኪያ ጋር ኳሷ ተመትታበት ወደ ራሱ ግብ ገባች፣ በዚህ ውድድር ታሪክ በስሙ የራስ ግብ የተመዘገበበት የመጀመሪያው በረኛም ሆነ። ኳታር 2022 ግን ሌላ ነበር፦ የሳዑዲው ሳሌም አል ዶሳሪንና የሊዮኔል ሜሲን ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ። በመደበኛ ጨዋታ በአንድ ዓለም ዋንጫ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ካዳኑት ጥቂቶች አንዱ ሲሆን፣ ከቀደሙት መካከል የሀገሩ ልጅ ቶማሼቭስኪ ይገኝበታል። ፖላንድ ከ1986 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድቧ አለፈች። ዳኛው የሜሲን ምት በቪዲዮ ሲመረምር ሼዝኒ ከራሱ ከሜሲ ጋር መቶ ዩሮ ተወራርዶ መረታቱን በኋላ ተናግሯል፤ የሰውየውን ጠባይ ለማወቅ ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም።

ሲጋራውስ?

ሼዝኒ እንደሚያጨስ አይደብቅም፤ ባርሴሎና ሲገባ ሲጠየቅም የግል ጉዳዩ እንደሆነና ሥራው ላይ ግን እጥፍ እንደሚተጋ መልሷል። በ2015 ወንበሩን ያሳጣው ነገር በ2024 ለምን አላሳጣውም? አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፤ የአርሰናሉ ጥፋት ማጨሱ ብቻ ሳይሆን ቦታውና ሰዓቱ ነበር፣ ከሽንፈት በኋላ በክለቡ መልበሻ ክፍል። ሁለተኛው የቦታው ጠባይ ነው። በረኛ በአንድ ጨዋታ የሚሮጠው የአማካይ ተጫዋች ከሚሮጠው ግማሽ እንኳ አይደርስም። ይህ ማጨስን ጉዳት የሌለው አያደርገውም፣ በአካል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን በጨዋታ ላይ ቶሎ እንዳይታይ ያደርጋል። ግብ ጠባቂዎች በዕድሜ የሚቆዩትም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። ዲኖ ዞፍ በ1982 ዓለም ዋንጫን ሲያነሣ 40 ዓመቱ ነበር፤ ግብፃዊው ኤሳም ኤል ሃዳሪ በ2018 በዓለም ዋንጫ ሲሰለፍ 45 ደፍኖ ነበር፣ ያውም ፍጹም ቅጣት ምት አድኖ። ሼዝኒ በ34 ጫማ መስቀሉ ነው እንግዲህ እንግዳው ነገር። በመግለጫው የሰጠው ምክንያት ሰውነቱ ዝግጁ ቢሆንም ልቡ እንደሌለበት የሚናገር ነበር፤ የልብ ነገር ደግሞ ከጅማት ቶሎ ይድናል።

የሁለተኛው ሰው ዋጋ

ሜይ 15 ቀን 2025 ባርሴሎና በኢስፓኞል ሜዳ 2 ለ 0 አሸንፎ ላሊጋውን አረጋገጠ። በአንደኛው ግብ ሼዝኒ፣ በሌላኛው ጆአን ጋርሲያ ቆመው ነበር። ከወር ጥቂት አልፎ ባርሴሎና የጋርሲያን የውል ማፍረሻ ከፍሎ ወሰደው፣ ፔኛ በውሰት ወደ ኤልቼ ሄደ። ሼዝኒ የሁለት ዓመት ውል ሲፈርም ሁለተኛ እንደሚሆን እያወቀ ነው።

ከክለቡ በኩል ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 24 ዓመት የሆነው ወጣት የመጀመሪያ ዓመቱን ሲጀምር ከኋላው የተቀመጠው ሰው ቦታውን የሚመኝ ሌላ ወጣት ቢሆን እያንዳንዱ ስሕተት የወንበር ክርክር ይሆናል። ወንበሩን የማይመኝ፣ ሲጠሩት ግን የሚቆም ሰው ብርቅ ነው። ዱዴክ ከሊቨርፑል በኋላ በሪያል ማድሪድ ከካሲያስ ኋላ አራት ዓመት የሠራው ይህንኑ ነበር። ሌላው ወገን የሚያነሣው ስጋትም እውነት አለው፦ የማይጫወት በረኛ ይዝጋል፣ 35ን ያለፈ ደግሞ ቶሎ ይዝጋል፤ ሁለት ዓመት ከአንድ ዓመት ይከብዳል።

ሁለቱም ግምት ለመፈተን ብዙ አልቆየም። በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ጋርሲያ የጉልበት ጉዳት ደረሰበትና ሼዝኒ እስከ ኖቬምበር ቆመ። ባርሴሎና በፓሪ ሴንት ዠርመን ተሸነፈ፣ በሴቪያ አራት ገባበት፣ በብሩዥ 3 ለ 3 ሲወጣ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሼዝኒ ከእግሩ የተነጠቀባት ኳስ ገብታ በቪዲዮ ዳኝነት ተሻረች። ኦክቶበር 26 በበርናቤው ደግሞ ምባፔ ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታ ሼዝኒ አዳነበት፤ ባርሴሎና ግን 2 ለ 1 ተሸነፈ። በኖቬምበር መገባደጃ ጋርሲያ ከጉዳቱ ተመለሰ፣ ሼዝኒም ወደ ተጠባባቂዎቹ መቀመጫ ተመለሰ።